ሰሚ ያጣ ምስክርነት

በምሥራቅ ኦክላንድ፣ ኤቨርግሪን በሚባለው የመቃብር ሥፍራ፣ በሣር በተሸፈነ ተዳፋት ላይ አራት የግራናይት ሰሌዳዎች ተነጥፈዋል። በሰሌዳዎቹ ላይ የ918 ሰዎች ስም ተቀርጿል። በዚያው ሣር ሥር ከ400 የሚበልጡ ሰዎች አስከሬን አርፏል። ብዙዎቹ ማንነታቸው ያልተለየ ወይም የሚረከባቸው ዘመድ ያልተገኘ ሲሆን፣ ከመካከላቸው ሕፃናትና ልጆች እጅግ ብዙ ናቸው። ሌሎች የመቃብር ሥፍራዎች አንቀበልም ባሉ ጊዜ ይህ ሥፍራ በ1979 ተቀበላቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሟቾቹ «ፒፕልስ ቴምፕል»፣ በእኛ አነጋገር «የሕዝቦች ቤተ መቅደስ»፣ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበሩ። ጂም ጆንስ የተባለ ነጭ ሰባኪ በ1950ዎቹ ኢንዲያናፖሊስ ላይ መሠረተው፤ በ1965 ተከታዮቹን ይዞ ወደ ሰሜን ካሊፎርኒያ መጣ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሳን ፍራንሲስኮና በሎስ አንጀለስ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚሰበስብ ግዙፍ ጉባኤ ሆነ። ነጭና ጥቁር ጎን ለጎን የሚዘምርበት፣ ሽማግሌ የሚጦርበት፣ ሱሰኛ የሚታከምበት፣ የተራበ የሚበላበት ቤት ነበር። ኖቬምበር 18 ቀን 1978፣ ጋያና በተባለችው የደቡብ አሜሪካ አገር ጫካ ውስጥ፣ በመሪው ስም «ጆንስታውን» በተባለው ሠፈር፣ 909 ሰዎች ሞተው ተገኙ። በአቅራቢያው በነበረው የአውሮፕላን ማረፊያ አምስት፣ በዋና ከተማዋ በጆርጅታውን ደግሞ አራት ሰዎች በዚያው ቀን ሞቱ።

እኔ የሕክምና ባለሙያ እንጂ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ አይደለሁም። ሆኖም ስለዚህ ጉዳይ የተጻፉትንና የተቀረጹትን ሥራዎች ሳገላብጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ስለ ቆረቆረኝ ሐሳቤን ለአንባቢ ለማቅረብ ወሰንሁ። ስለ ጆንስታውን የሚነገረው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «ሰዎቹ ስለ ምን ገቡ? ከገቡስ በኋላ ስለ ምን አልወጡም?» ከሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። የወጡ ነበሩና። የወጡትም ዝም አላሉም፤ ስማቸውንና መልካቸውን ሰጥተው፣ በመሐላ አረጋግጠው ተናገሩ። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ተረቱ ጥፋቱን የሚጥለው በሸሸገው በሽተኛ ላይ ነው። በሽታውን አደባባይ አውጥቶ እያሳየ መድኃኒት ስላጣው ሰው ግን የሚለው የለም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ነው።

በመጀመሪያ የዲቦራ ሌይተንን መጽሐፍ ላንሣ። በ1998 የታተመው «ሰዳክቲቭ ፖይዝን» (በግርድፉ «የሚያማልል መርዝ») የተጻፈው በበርክሌይ ባደገች፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ መጨረሻ ወደ ጆንስ ቤት በገባችና እስከ መሪው የቅርብ ክበብ በዘለቀች ሴት ነው። እናቷ ከሂትለር ጀርመን ሸሽተው አሜሪካ የገቡ አይሁዳዊት ነበሩ። ልጆቻቸውን ተከትለው እሳቸውም አባል ሆኑ፤ ጆንስታውን ውስጥም ከመጨረሻው ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ በካንሰር አረፉ። ከአንድ አምባገነን ያመለጠ ሰው በሌላው እጅ ሊወድቅ እንደሚችል፣ ስደትም ብቻውን ከዚህ እንደማያድን፣ የእኚህ እናት ታሪክ ለእኛ ለስደተኞች ይናገራል።

የመጽሐፉ ዋና ብርታት የሰው ኅሊና እንዴት በጥቂት በጥቂቱ እንደሚታሰር ማሳየቱ ነው። ማንም በአንድ ጀምበር ባሪያ አይሆንም። ዛሬ አንድ ባዶ ወረቀት ላይ መፈረም፣ ነገ ደመወዝን ማስረከብ፣ ከነገ ወዲያ የጓደኛን ወሬ ማቀበል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ከቀደመው በጥቂቱ ብቻ ስለሚበልጥ፣ ዞሮ የሚያይ ሰው መንገዱን የጀመረበትን ቦታ ያጣዋል። ሌይተን ራሷን ንጹሕ አድርጋ አታቀርብም፤ የቤተ መቅደሱ ገንዘብ ወደ ውጭ አገር ባንኮች በተሻገረበት ሥራ እንደ ተሳተፈች ትናገራለች። ይህ ለምስክርነቷ ክብደት ይጨምርለታል።

ይሁን እንጂ አብዛኛው አንባቢ መጽሐፉን የሚያነበው እንደ ማምለጥ ታሪክ ነው፤ አጻጻፉም ወደዚያ ይገፋዋል። በሜይ 1978 ከጆርጅታውን በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል እንዴት እንዳመለጠች የምትተርክበት ክፍል ትንፋሽ ያሳጥራል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በጁን 1978፣ እልቂቱ ሊፈጸም አምስት ወር ሲቀረው፣ ሌይተን የመሐላ ቃል ሰጠች። በዚያም ቃል ውስጥ «ነጭ ሌሊት» በሚባሉ ስብሰባዎች ሕዝቡ በጅምላ መሞትን እንደሚለማመድ በግልጽ አስፍራለች። ጋዜጣም ጻፈው። ለእኔ የመጽሐፉ እምብርት መሆን የነበረባቸው እነዚያ አምስት ወራት ናቸው።

ሁለተኛው ሥራ የስታንሊ ኔልሰን ዘጋቢ ፊልም ነው፤ በ2006 ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ታየ። ጥቁር አሜሪካዊው ኔልሰን ታሪኩን ለራሳቸው ለነበሩበት ሰዎች ትቶላቸዋል። መዝሙሩን፣ የአውቶቡሱን ጉዞ፣ የሰዎቹን ደስታ ያሳያል። ሌይተን ራሷም በፊልሙ ውስጥ ሰው ይጎዳኛል ብሎ የሚያስበውን ድርጅት አውቆ እንደማይገባበት ታስረዳለች። ፊልሙ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች መሆናቸውንና ወደዚያ የሳባቸውም ሞኝነት ሳይሆን የእኩልነት ተስፋ መሆኑን በማሳየቱ ባለውለታችን ነው። ድክመቱ ከአወቃቀሩ የሚመነጭ ነው፤ ሁሉም ነገር ወደ መጨረሻው ቀን ይሮጣል። የቀደሙት ምስክርነቶች ወደ ሞት የሚያደርሱ ደረጃዎች ይሆናሉ እንጂ እያንዳንዳቸው ሞትን ሊያስቀሩ ይችሉ የነበሩ በሮች መሆናቸው አይሰማንም። ተመልካቹ «ወይ ጉድ!» ብሎ ይወጣል። «ያን ጊዜ ብሆን እሰማ ነበርን?» ብሎ ግን ራሱን አይጠይቅም።

በዚህ ረገድ ብዙ ያልተወራላቸው ሁለት መጻሕፍት ይበልጡብኛል። አንደኛው በ1995 የታተመው የወይዘሮ ሃያሲንት ትራሽ ትዝታ ነው። እኚህ ጥቁር አሮጊት በኢንዲያናፖሊስ ዘመን ጀምሮ አባል ነበሩ፤ የጡት ካንሰራቸውን ጆንስ እንደፈወሰላቸው አምነው ኖረዋል። በመጨረሻው ቀን ወደ ስብሰባው ሳይሄዱ ጎጇቸው ውስጥ ቀሩ፤ በማግሥቱ ሲነሡ እኅታቸውን ጨምሮ ሰፈሩ ሁሉ ሞቶ አገኙት። ሁለተኛው የሌስሊ ዋግነር ዊልሰን መጽሐፍ ነው፤ በዚያው ቀን ጠዋት ትንሽ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ከጥቂት ሰዎች ጋር በጫካ በእግሯ አመለጠች። ስለ ጆንስታውን በሰፊው የሚታወቁት መጻሕፍት ብዙዎቹ የተማሩና ነጭ የሆኑ፣ ለመሪው ቅርብ የነበሩ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው። የጡረታ ገንዘባቸውን በየወሩ ያስረከቡት፣ ቤታቸውን ሸጠው የሰጡት፣ በቁጥርም የበዙት ጥቁር አሮጊቶች ግን አብዛኞቹ ታሪካቸውን ይዘው ተቀብረዋል። ስለዚህ የወይዘሮ ትራሽን መጽሐፍ ስናነብ ከዚያ ሣር በታች የሚነገር ድምፅ እንደ ሰማን ልንቆጥረው ይገባል።

አሁን ምስክርነቱን በቅደም ተከተል እንመልከት። በሴፕቴምበር 1972 ሌስተር ኪንሶልቪንግ የተባለ የ«ሳን ፍራንሲስኮ ኤግዛሚነር» የሃይማኖት ጉዳዮች ጸሐፊ፣ ሙት አስነሣለሁ ስለሚለውና በታጠቁ ዘበኞች ስለሚጠበቀው ሰባኪ ስምንት ተከታታይ ጽሑፎች አዘጋጀ። አራቱ ወጡ። ምእመናኑ በጋዜጣው ደጅ ተሰልፈው ሲቃወሙ፣ የክስ ዛቻም ሲመጣ፣ ቀሪዎቹ አራቱ ሳይታተሙ ቀሩ።

በ1973 ስምንት ወጣቶች በአንድነት ጥለው ወጡ። ትተውት በሄዱት ደብዳቤ፣ ስለ ዘር እኩልነት በሚሰበክበት ቤት ሥልጣኑ በነጮች እጅ መሆኑን ወቀሱ፤ ጆንስን ራሱን ግን አሞግሰው አለፉ። አንዳንድ ሰው ይህን አንብቦ «እነሱም ገና አልነቁም ነበር» ይላል። ሐኪም ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ያየዋል። በሽተኛ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚናገረው ዋናውን ሕመሙን አይደለም። እግሬን ያመኛል ብሎ ይመጣና ሊወጣ በር ላይ ሲደርስ ስለ ደረቱ ይነግርሃል። የመጀመሪያው ምስክርነት ሁልጊዜ ጎደሎ ነው፤ ስለ ጎደለም ሐሰት አይደለም።

በ1975 ኤልመርና ዲያና መርትል የተባሉ ባልና ሚስት ወጡ። በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረች ልጃቸው በጉባኤ ፊት 75 ጊዜ በእንጨት ተገርፋ ነበር። ወላጆች በልጆቻቸው ላይ ነውር ፈጽመናል የሚል የሐሰት ኑዛዜ እየፈረሙ ለመሪው ያስረክቡ ነበር፤ ባልና ሚስቱም የፈረሙት ወረቀት እንዳይከተላቸው ስማቸውን ወደ አል እና ጂኒ ሚልስ ለወጡ። የምስክር አንደበት የሚዘጋው በዚህ ዓይነት ነው፤ ሊናገር ሲነሣ መጀመሪያ የሚወጣው የራሱ ነውር ይሆናል።

በኦገስት 1977 ማርሻል ኪልደፍና ፊል ትሬሲ «ኒው ዌስት» በተባለው መጽሔት ላይ የአሥር ቀድሞ አባላትን ቃል ከነስማቸውና ከነፎቶግራፋቸው አወጡ። ድብደባው፣ የሐሰት ፈውሱ፣ የተዘረፈው ንብረት ሁሉ በዚያ ተዘርዝሯል። ጆንስ ጽሑፉ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ወደ ጋያና በረረ፤ ዳግመኛም አልተመለሰም። አንድ መጽሔት ይህን ያህል መሥራት ከቻለ ባለሥልጣኖቹ ምን ይጠብቁ ነበር? መልሱ አጭር ነው። በ1975 ምርጫ የጆንስ ሰዎች ለከንቲባነት ለተወዳደሩት ለጆርጅ ሞስኮኒ ሠርተው ነበር፤ ከንቲባውም በ1976 ጆንስን በከተማው የቤቶች ባለሥልጣን ኮሚሽን ውስጥ ሾሙት፤ በማግሥቱም ዓመት የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ሆነ። የቤተ መቅደሱ ጠበቃ የነበረው ቲሞቲ ስቶን ደግሞ በከተማው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አቤት ባዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሲሄድ ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጦ እንደሚያገኝ አንባቢ ይፍረድ።

ያው ስቶን በ1977 ከጆንስ ተለይቶ፣ በኋላም ከተጨነቁት ዘመዶች ግንባር ቀደም ሆነ። ዘመዶቹ በኤፕሪል 1978 የሰብዓዊ መብት ጥሰት ክሳቸውን በጽሑፍ አቀረቡ፤ በጁን ሌይተን ማለች። የአሜሪካ ቆንስላ ሠራተኞች ጆንስታውንን ደጋግመው ጎብኝተው ነዋሪዎቹን ጠይቀዋል፤ ነዋሪዎቹም ደስተኞች ነን ብለዋል። በክሊኒኬ ውስጥ ፊቷ የበለዘ ሴት ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ ብጠይቃት «ወድቄ ነው» ትለኛለች። ባሏን አስወጥቼ ብጠይቃትም፣ ማታ የምትገባው እዚያው ቤት ከሆነ፣ መልሷ ያው ነው። መሸሸጊያ የሌለው ሰው ለጠያቂ እውነት አይናገርም።

በመጨረሻ የሰማ አንድ ሰው ተገኘ። የሳን ማቴዮ የምክር ቤት አባል ሊዮ ራያን፣ ከዘመዶቹና ከጋዜጠኞች ጋር ሆነው ራሳቸው ሄዱ። ኖቬምበር 18 ቀን ለመውጣት ከፈለጉ ነዋሪዎች ጋር በአውሮፕላን ማረፊያው ሳሉ ተገደሉ። በዚያው ሰዓት በሠፈሩ ጆንስ ሕዝቡን ሰብስቦ መርዙን ሲያዝዝ፣ ክርስቲን ሚለር የተባሉ ጥቁር ሴት ተነሥተው ተከራከሩት። ወደ ሶቪየት ኅብረት መሄድ እንደሚቻል፣ ሕፃናቱም የመኖር መብት እንዳላቸው ተናገሩ። ጆንስ ራሱ ባስቀረጸው ቴፕ ላይ ድምፃቸው ዛሬም ይሰማል። ተሰብሳቢው ጮኾ አስቀመጣቸው። ከ1972 ጀምሮ በውጭ ሲፈጸም የኖረው አለመስማት በዚያች ቀን በውስጥ ተፈጸመ።

እንደ ሐኪም ልዘለው የማልችለው ሌላ ምዕራፍ አለ። መርዙን የቀመመው ሐኪም ነበር። ላሪ ሻክት ከሱስ ያወጣው ጆንስ ነው፤ የሕክምና ትምህርቱንም ያስተማረው ቤተ መቅደሱ ነው። እንደ እኔው በባዕድ አገር፣ በሜክሲኮ፣ ትምህርቱን ጀምሮ በካሊፎርኒያ ፈጸመ። ጆንስታውን ውስጥ ለአንድ ሺህ ያህል ሰው ብቸኛው ሐኪም ነበር። በዚያ ቦታ በተገኙት ሰነዶች መካከል ሳያናይድን በዐሣማ ላይ ሊሞክር እንደሚፈልግ ለመሪው የጻፈው ማስታወሻ ይገኛል። ስለ ሻክት የጻፉ ሰዎች ጭራቅ አድርገው ይስሉታል። እኔ ግን በማስታወሻው ውስጥ የማየው ባለ ውለታውን እንቢ ማለት የተሳነው ወጣት ነው። ጆንስ የዶሮ ሆድ ዕቃ ደብቆ «ካንሰሩ ወጣ» እያለ ምእመናንን ባታለለ ጊዜ በዙሪያው የነበሩ ነርሶችና ረዳቶች አውቀው ዝም ብለዋል። ሙያችን በዚያ ቤት ውስጥ የሞተው ከ1978 አስቀድሞ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ቃል ላርም። ይህን እልቂት ዓለም «በጅምላ ራስን መግደል» ብሎ መዝግቦታል። ከሟቾቹ 300 ያህሉ ልጆች ነበሩ፤ ሕፃን ራሱን አይገድልም። የጋያናው የአስከሬን ምርመራ ባለሙያ ዶክተር ሌስሊ ሙቱ በብዙ አስከሬኖች ላይ የመርፌ ምልክት ማየታቸውን ተናግረዋል። ወደ አሜሪካ ከመጡት ከ900 በላይ አስከሬኖች ግን የተመረመሩት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በመድኃኒት ከታሹ በኋላ። የሞት ምክንያት ሳይመረመር የተለጠፈው ስም እስከ ዛሬ ሟቾቹን ይወቅሳል። «ራሳቸውን ገደሉ» ማለት «አስጠንቅቀውን ነበር» ከማለት ይቀላልና።

አንባቢ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። እነዚያ ሰዎች በጋያና «ነጭ ሌሊት» ሲያሳልፉ እኛ አዲስ አበባ ውስጥ በቀይ ሽብር ላይ ነበርን። እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ብሆንም «ራስህን አጋልጥ» የሚለውን የቀበሌ ጥሪ አስታውሳለሁ። አባቴ ከስብሰባ ሲመለስ እራቱን ሳይቀምስ በሩን ቆልፎ ይቀመጥ ነበር። በጉባኤ ፊት ቆሞ ራስን መክሰስ፣ ባልንጀራን ማጋለጥ፣ ያልሠሩትን አምኖ መፈረም፤ ይህን ሁሉ እኛ «ሂስና ግለ ሂስ» በሚል ስም አውቀነዋል። ጆንስም ስብከቱን በሶሻሊዝም ቋንቋ የሚያለብስ ሰው ነበር። ስለዚህ የሌይተንን መጽሐፍ ከማንም አንባቢ ይልቅ በቶሎ መረዳት የሚገባን እኛ ነን።

ነገር ግን ከዚያ ዘመን ይዘነው የመጣነው ሌላም ነገር አለ፤ ዝምታ። በኦክላንድና በሳን ሆዜ ለሚኖር ሐበሻ ቤተ ክርስቲያን፣ የየትኛውም እምነት ይሁን፣ ከጸሎት ቤትነት ያለፈ ነው። አዲስ ለመጣ ሰው የመጀመሪያውን ማረፊያና ሥራ የሚያገኝለት፣ ለስደተኛነት ማመልከቻው የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት፣ ሲሞትም የሚቀብረው እርሱ ነው። ከዚያ የወጣ ሰው ከዕድሩም ከዘመዱም ወጣ ማለት ነው። ይህ መልካም ሥራ እውነተኛ ነው፤ የጆንስም ቤት መልካም ሥራ እውነተኛ ነበር። ከሳሾቹ እንዳይታመኑ ያደረገውም ይኸው መልካም ሥራ ነው።

ይህን ስል ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንዲት የአገሬ ሴት ስኳራቸው ክፉኛ ከፍ ብሎ ወደ እኔ መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ።) ኢንሱሊናቸውን ያቆሙት በሚያመልኩበት ቤት «ተፈውሰሻል፤ መርፌው የእምነት ማነስ ነው» ስለ ተባሉ ነው። ለአገልጋዩ ያበደሩትን ገንዘብ ሲጠይቁ ደግሞ ስማቸው ከመድረክ ተጠርቶ ከሐዲ ተብለዋል። ይህን በዝግታ ከነገሩኝ በኋላ «ዶክተር፣ አደራዎን፤ ይህን ከመዝገቡ ላይ እንዳይጽፉብኝ» አሉኝ። እኔም እፎይ አልሁ። «ገበናችንን አደባባይ አናውጣው፤ ለእግዚአብሔር ይተዉት» ብዬ መድኃኒታቸውን አስተካክዬ ሸኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ተመላለሱ፤ ስለዚያ ነገር ግን ዳግመኛ አላነሡም። እንዲያነሡ የሚያደርግ ነገር አላደረግሁምና። የኪንሶልቪንግን አራት ጽሑፎች መሳቢያ ውስጥ የቆለፈውን አዘጋጅ ስወቅስ የእኔም እጅ በዚያ መሳቢያ ላይ መሆኑን አልረሳም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከ1978 ወዲህ የተማሩ አሉ። በ2018 የሳን ሆዜ፣ በ2019 የኦክላንድ የካቶሊክ ሀገረ ስብከቶች በልጆች ላይ ጥቃት በመፈጸም በተአማኒነት የተከሰሱ ካህናትን ስም ዝርዝር ይፋ አደረጉ። ይህን ያደረጉት ግን የተጎዱት ሰዎች ለብዙ ዓመታት በየፍርድ ቤቱና በየአደባባዩ ከጮኹ በኋላ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ጊዜው ያለፈበት ክስ እንደገና እንዲቀርብ ከ2020 እስከ 2022 ድረስ በሕግ በር ከፈተ፤ ወደ 330 የሚጠጉ ክሶች የቀረቡበት የኦክላንዱ ሀገረ ስብከትም በሜይ 2023 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ተጎጂዎቹ ድሮም ይናገሩ ነበር። አዲሱ ነገር ሕጉ እንዲሰማቸው መገደዱ ነው። በዚህ ግዛት ሐኪም በልጅ ላይ ጥቃት መድረሱን ከጠረጠረ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ከ1997 ወዲህ ካህናትም በንስሐ ከሰሙት በቀር እንዲሁ። ብዙዎቹ ጉባኤዎቻችን ይህን ሕግ አያውቁም፤ የሚያውቁትም በሽምግልና ያሳልፉታል።

ሽምግልናን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ሁለት እኩዮች ሲጣሉ የሚያስታርቅ የከበረ ባህላችን ነው። ነገር ግን በደለኛው አገልጋይ፣ ተበዳይዋ ምእመን፣ ሽማግሌዎቹም የአገልጋዩ ሹሞች በሆኑበት ቦታ ዕርቅ የተባለው ነገር ዝም ማሰኛ ነው። የሚሰማ ሰው ከተከሳሹ እጅ የማይበላ መሆን አለበት። ቃሉን በቀኑ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ቃል ጎደሎ ቢሆን አይናቅ፤ «አንተስ ያን ጊዜ የት ነበርህ?» የሚለው ጥያቄ ለመጨረሻ ይቆይ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ለተናጋሪው ማታ የሚያድርበት ሌላ ቤት ይፈለግለት።

ወደ ኤቨርግሪን ልመለስ። ሰሌዳዎቹ በ2011 ሲነጠፉ የጆንስ ስም ከሰለባዎቹ ጋር መቀረጹ ብርቱ ጠብ አስነሣ። 27 ዘመዶቻቸውን ያጡት ፓስተር ጃይኖና ኖርዉድ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሌሎች ደግሞ በዚያ ቀን የሞተ ሁሉ ይጻፍ አሉ። እኔ ከፓስተሯ ጋር ነኝ፤ ሆኖም በእኔ አስተያየት የሰሌዳው ትልቁ ጉድለት በላዩ ያለው አንድ ስም ሳይሆን በላዩ የሌሉት ዓመታት ናቸው፤ 1972፣ 1973፣ 1977 እና የ1978ቱ ጁን። እነዚህ ቢቀረጹ ኖሮ ጎብኚው «ስለ ምን ገቡ?» ብሎ በሟቾቹ ላይ ከመፍረዱ በፊት ስንት ጊዜ እንደ ተነገረን ይቆጥር ነበር።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንላለን። ቅጠሉን ይዘው የመጡ ሰዎች በየጉባኤያችን ደጅ ዛሬም ቆመዋል። አኩርፈው የሄዱ፣ ከሐዲ የተባሉ፣ በሠርግና በለቅሶ ላይ ሰው የሚሸሻቸው ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ወደ አንባቢ ሲቀርብ፣ እኔ ለእኚያ ሴት የሰጠሁትን መልስ እንዳይሰጠው አደራ እላለሁ።